መቅለልና መክበድ

በቋንቋችን ክብደት ሙገሳ ነው። የምናከብረውን ሰው «ክብደት ያለው ሰው ነው» እንላለን፤ አፉ እንዳመጣለት የሚናገረውንና ቃሉን የማይጠብቀውን ግን «ቀላል» እንለዋለን። በአደባባይ የተዋረደም ሰው «ቀለለ» ይባላል። በመጽሐፈ ዳንኤል የምናነበው የባቢሎን ንጉሥ የብልጣሶር ታሪክ የሚያስደነግጠን ንጉሡ ተመዝኖ ቀልሎ በመገኘቱ ነው። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ሲያትል ከተማ ውስጥ በየማለዳው በባዶ እግሩ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ዛሬስ ቀልዬ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የተለወጠው ሰውነቱ ብቻ ሳይሆን የቃላቱም ትርጉም ጭምር ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄም ይህ ነው፦ ሰው ራሱን በቁጥር ሲከታተል የሚያውቀው ራሱን ነው ወይስ ቁጥሩን?

ነገሩ የተጀመረው በሐኪም ምክር ነበር። በደሜ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ማለት ስለ ጀመረ ክብደት እንድቀንስ ተነገረኝ። እኔም አንድ ደብተር ገዝቼ ሦስት ዓምድ አሰመርሁበት። በመጀመሪያው የማለዳ ክብደቴን፣ በሁለተኛው ከደመወዜ እየቆጠብሁ የገዛኋቸውን ጥቂት አክሲዮኖች የዕለት ዋጋ፣ በሦስተኛው ማታ ማታ በአማርኛ የምጽፈውን የማስታወሻ ገጽ ብዛት መመዝገብ ያዝሁ። እነሆ ሁለት ዓመት አለፈ። ክብደቴ ከ214 ፓውንድ ወደ 187 ወርዷል፤ የግሪን ሌክን ሐይቅ ዙሪያ፣ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህሉን መንገድ፣ የሲያትል ዝናብ ሳይበግረኝ እዞረዋለሁ። እንግዲህ መዝገብ መያዝን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ጠቅሞኛልና። ነገር ግን ሦስቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ነገር ገለጡልኝ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ቁጥሮች ጨርሶ የማይመሳሰሉ ነገሮችን ሊናገሩ ይችላሉ።

ክብደትንና አክሲዮንን በአንድ ዓይን ማየት የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአውቶዴስክን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ክብደት ቅነሳ በጻፈው መጽሐፍ፣ የአክሲዮን ተንታኞች የሚጠቀሙበትን ተንቀሳቃሽ አማካይ ወደ ቤት ሚዛን አምጥቶታል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የአንድ ቀን ክብደት ብቻውን ብዙ አይናገርም። እሑድ ክርስትና ተጠርቶ ጨው የበዛበት ወጥ ሲበላ የዋለ ሰው ሰኞ ማለዳ ሦስት ፓውንድ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። አንድ ፓውንድ የሰውነት ስብ በግምት 3,500 ካሎሪ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰውዬው በአንድ ቀን ሦስት ፓውንድ ስብ እንዲያከማች ሰውነቱ ከሚያቃጥለው በላይ 10,000 ካሎሪ ያህል መብላት ነበረበት። ይህ በአንድ ግብዣ የሚሆን አይደለም። የጨመረው በአብዛኛው ጨው የያዘው ውሃ ነው። የየቀኑን መውጣትና መውረድ አለስልሶ የሳምንታቱን አቅጣጫ የሚያሳየው አማካዩ ነው። ትምህርቱ ከምግብም አልፎ ለሕይወት ይተርፋል፤ በአንድ ቀን ውድቀት ተስፋ አለመቁረጥን፣ በአንድ ቀን ድልም አለመታበይን ያስተምራል።

ይኸው ጥበብ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ሲሻገር ግን ይከዳናል። ለዚህ ሲያትል ራሷ ጥሩ አስተማሪ ናት። አማዞን እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 አክሲዮኑን በ18 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። በ1999 መጨረሻ ከ100 ዶላር አልፎ የነበረው ዋጋ በ2001 ከ6 ዶላር በታች ወረደ። ያን ጊዜ ታግሦ ያልሸጠ ሰው ዛሬ ባለጸጋ ሆኗል። በዚሁ ከተማ በ1889 የተመሠረተው የዋሺንግተን ሚውችዋል ባንክ ደግሞ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2008 በመንግሥት ተወረሰ፤ 307 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሀብት የነበረው ይህ ባንክ በአሜሪካ ታሪክ ከወደቁት ባንኮች ሁሉ ትልቁ ነው። የዚያን ባንክ አክሲዮን ታግሦ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ትዕግሥቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ ፍጻሜው ግን ሁለት ሆነ። የመጀመሪያውን «ብልህ»፣ ሁለተኛውን «ሞኝ» ብለን ስንጠራ ዕድልን ከምግባር ጋር እያደባለቅን ነው። ክብደቴ ሲወርድ እግሬ የሠራው ሥራ አለበት፤ የአክሲዮኔ ዋጋ ሲወጣ ግን እኔ ተኝቼ ነበር። ይህም ፈተና የስደተኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በአዲስ አበባም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷልና፣ አገር ቤት ያለው ወገናችንም ቀኑን ሙሉ ዋጋ እየተመለከተ ደስታውንና ሐዘኑን ለማያዝዘው ነገር የሚያስረክብበት ዘመን ሩቅ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ ደካማው ነው። ዛሬ አራት ገጽ ጻፍሁ ማለት ዛሬ እውነት ጻፍሁ ማለት አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ይዞ የሚነሣው ሁለት መስመር ሊሆን ይችላል፤ መምህሩም የሚጠይቀው ስለ ምሥጢሩ እንጂ ስለ መስመሩ ብዛት አይደለም። ገጽ መቁጠር ሰነፍን ወደ ወንበሩ ለመመለስ ይረዳ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሥልጣን የለውም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጥበብ ነው፤ ከዚህ የከበደው የኅሊና ጥያቄ ገና አልተነሣም። ደሴ የምትኖረው እናቴ የተላከላትን ፎቶግራፍ አይታ በስልክ «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ? እንዲህ የከሳኸው አጥተህ ነው ታመህ?» ስትለኝ፣ ሐኪሙ ያመሰገነኝን ያንኑ ቁጥር እንደ ድል ልነግራት ቃል አነሰኝ። ለእናቴ መክሳት ማለት ማጣት ነው፤ «ወፍረሃል» ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደልቶሃል» ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በወሎም ሆነ በትግራይ በተተከሉት የምግብ ማደያ ጣቢያዎች ሕፃናት በሚዛን ላይ ይንጠለጠሉ፣ ክብደታቸውም ከቁመታቸው ጋር ይነጻጸር ነበር። በመቀሌ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር ለሁሉ የሚበቃ ምግብ ስላልነበረ ማን እንደሚገባና ማን ውጭ እንደሚቀር መምረጥ ተገድዳ ነበር። ያ ሚዛንና የእኔ ሚዛን ያው ዕቃ ናቸው። በአንደኛው መቅለል የሞት ዋዜማ ነበር፤ በሌላው መቅለል እንኳን ደስ አለህ ያሰኛል። ታዲያ በትርፍ ምግብ ላይ የሚደረግ ይህ ውጊያ የጥጋብ ጨዋታ አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ ወዳጅ አለኝ፤ ጥያቄውም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

የምመልስለት በሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ በተባለ ተመራማሪ መሪነት፣ በኅሊናቸው ምክንያት የጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ ኖሩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ እስኪሆን ድረስ ተሠቃዩ። ይህን ያደረጉት በጦርነቱ የተራቡትን ሰዎች እንዴት መልሶ ማብላትና ማዳን እንደሚቻል እንዲታወቅ ነበር። እነርሱም በየጊዜው ይመዘኑ ነበር፤ ቁጥራቸውም ይመዘገብ ነበር። ያ ቁጥር ግን ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ መንገድ ነበረው። የእኔ ቁጥር ከእኔ ወጥቶ ወደ እኔ የሚመለስ ከሆነ፣ የወዳጄ ወቀሳ ያገኘኛል።

ይህን መንገድ አባቶቻችን ጥንትም ያውቁታል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ሙስሊሙ ወገናችንም ረመዳንን ይጾማል። በሁለቱም ዘንድ ከገበታ የተቀነሰው ለድኻ ይደርስ ዘንድ ይጠበቃል፤ ጿሚውም ጾሙን ለታይታ እንዳያደርገው ይመከራል። ጾም ሚዛን የለውም። ስንት ፓውንድ እንደ ቀነሰ የሚመዘግብ ጿሚ ብናይ የጾሙን ፍሬ ነገር እንደ ሳተ እናውቃለን። መቁጠርንም ቢሆን ሕዝባችን በጥርጣሬ ሲያየው ኖሯል፤ ከብቱን ወይም ልጆቹን ቁጠር ሲባል ፊቱ የሚለወጥ ባላገር ብዙ ነው። ንጉሥ ዳዊትም ሕዝቡን በመቁጠሩ እንደ ተቀጣ ተጽፏል። ይህን ሁሉ አጉል እምነት ነው ብሎ መጣል ይቀል ይሆናል፤ በውስጡ ግን በረከትን ወደ ንብረት ዝርዝር እንዳንለውጥ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ እሰማለሁ።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቁጥር ምስክር ይሆናል፤ ዳኛ መሆን ግን አይችልም። የምይዘውን መዝገብ ሁሉ አሁን በአንድ ጥያቄ እፈትነዋለሁ፦ ይህ ቁጥር ነገ የምሠራውን ይለውጣልን? ወይስ ስለ ራሴ የማስበውን ብቻ? ክብደቴ ነገ ምን እንደምበላና ምን ያህል እንደምሄድ ይነግረኛልና በደብተሩ ቆይቷል፤ ጤናዬ ከተጓደለ የምረዳው ሰው ይጎዳልና ሰውነቴን መጠበቅ አደራ እንጂ ጨዋታ አይደለም። የአክሲዮኑን ዋጋ በየሦስት ወሩ ብቻ አያለሁ። የገጽ ቆጠራውን ትቼዋለሁ። በየሳምንቱ ውጭ እበላበት ከነበረው ገንዘብ የተረፈው ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ለእርሱ ግን ዓምድ አላሰመርሁም፤ ቢመዘገብ ልግስናው ወደ ሂሳብ፣ ሂሳቡም ወደ ውዳሴ መለወጡ እንደማይቀር ስለማውቅ። በቋንቋችን «ክብደት ያለው ሰው» ሲባል የሚመዝነው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በችግር ቀን ተደግፎት ሲያየው።