የታመመ ድል አድራጊ ይታዘንለታልን?

በእኛ በቦንጋና በአካባቢው ያለፈው ዘመን ሲወሳ፣ የአፄ ምኒልክን ሕመም አንሥቶ «የእጃቸውን አገኙ» የሚል ሰው አይጠፋም። አነጋገሩ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው ጦር ከፋን ሲወጋ ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው አልቋል፤ የተረፈውም ብዙው ለባርነት ተግዟል። ይሁን እንጂ አነጋገሩ እውነት ነውን?

በመጀመሪያ የደረሰባቸውን እንመልከት። አፄ ምኒልክ ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ገና በልጅነቱ ቀብረዋል። ሴት ልጃቸው ሸዋ ረጋም ቀድማቸው ሞታለች። ስለዚህ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ የሆነው የእርሷ ልጅ ኢያሱ ነበር። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጸናባቸው ሕመም አካላቸውን ሽባ አደረገው፤ አንደበታቸውንም ዘጋው። በአዋጅ አገር ሲያዙ የኖሩት ሰው አንድ ቃል መናገር ተሳናቸው። አራት ዓመት ያህል እንዲህ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸውም ከሕዝብ ስለ ተደበቀ በወጉ እንኳ አልተለቀሰላቸውም።

ይህ ሁሉ የከፋ ግፍ ብድር ነው ካልን፣ ስለ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ምን እንላለን? እኒህ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ለወራት ከተዋጉ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማረኩ። በብር ሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፤ ከአፄ ምኒልክም በኋላ ጥቂት ዓመታት በሕይወት ቆይተው አገራቸውን ሳያዩ ሞቱ። መከራ ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ ከሆነ፣ የእርሳቸውም ሰንሰለት የሚገባቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ማን ይቀበላል? በአንድ ሚዛን ጠላታችንን መዝነን፣ በሌላ ሚዛን ወገናችንን ልንመዝን አንችልም። የኢዮብ ወዳጆችም የተሳሳቱት በዚሁ ነው።

«እንግዲያው እንዘንላቸውና በደሉን እንርሳው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም አይሆንም። ለታመመ ሰው ማዘን አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሠራው ሥራ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። የሽባነታቸው ዘመን ከከፋ ከተወሰዱት አንዱን እንኳ ወደ ቤቱ አልመለሰም፤ ሕመም ዕዳ አይከፍልምና። እንዲያውም «የእጃቸውን አገኙ» የምንል ሰዎች ሳናውቀው ሒሳቡን እየዘጋን ነው። ዕዳው በሕመም ተከፍሏል ካልን፣ ስለ ተወሰዱት ሰዎች ማን ይጠይቃል? ታሪካቸውንስ ማን ይጽፋል?

ስለዚህ ወጣቶች፣ ከአባቶችና ከእናቶች ስለዚያ ዘመን ስንጠይቅ የሁለቱንም ወገን መከራ እንስማ። አንደበቱ ለተዘጋው ንጉሥ እንዘን። በስደት ለሞተውም ንጉሥ እንዘን። ስማቸው ሳይጻፍ ለተሸጡት ግን ሐዘን ብቻውን አይበቃምና የሆነባቸውን ጠይቀን እንጻፍላቸው።