የዳኛው ዝምታ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ በሚገኘው በቁስቋም ሠፈር የሚኖር አንድ ሸማኔ በሐሳባችን እንውሰድ። ይኽ ሰው ቀድሞ በወረቀት ፈርሞ ገንዘብ ተበደረ፤ ሸማ ሸጦም ዕዳውን በቀኑ ከፈለ፤ ደረሰኝ ግን አልተቀበለም። ከዚያ ወዲህ 12 ዓመት አልፏል። አበዳሪው ሞቶ፣ ስለ ክፍያው የማያውቁት ወራሾቹ ያንን ወረቀት ይዘው ከሰሱት። መጥሪያው ደረሰው። ጠበቃ ማቆሚያ ገንዘብ የለውምና «እውነት ይዤ ምን እፈራለሁ?» ብሎ ብቻውን ችሎት ይቀርባል።

ጥያቄያችን ይኽ ነው፤ እውነት ብቻዋን ትበቃለችን?

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው ብሂል የሕዝባችንን እምነት ይመሰክራል። ሆኖም በዛፍ ጥላ ሥር በተጠየቅና በበላ ልበልሃ ይሟገቱ በነበረበት ዘመንም ቢሆን የሚረታው አንደበት ያለው እውነት እንጂ ዲዳው አልነበረም።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ አንደበቱን ወደ ብዕር ለወጠው። ተከሳሽ በተቀጠረለት ቀን የመከላከያ መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ከክሱ የማያምነውን ነጥብ ለይቶ ይክዳል፤ በግልጽ ያልካደው እንዳመነ ይቆጠርበታል። መቃወሚያ ካለውም አስቀድሞ ማንሣት አለበት። ስለዚህ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ «ክሱ ሐሰት ነው፤ እግዚአብሔር ይፍረደኝ» ብቻ ብሎ የሚያስጽፍ ሰው ራሱን እንዳልተከላከለ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የይርጋ ነገር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይኽ ለዕዳ ከዳተኛ ማምለጫ ብቻ አይደለም፤ ደረሰኝ ለጠፋበት፣ ምስክር ለሞተበት ሰው መጠለያ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 1856 ዳኛው ይርጋን በራሱ አነሣሽነት እንዳያነሣ ይከለክላል። የመጠለያው ቁልፍ አንዲት ቃል ናት፤ ሸማኔው ቃሏን አያውቅም። ዳኛው ያውቃል፤ ዝምም ይላል።

ይኽ ዝምታ ፍትሕ ነውን? ነው የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ለአንዱ ወገን መከራከሪያ የሚያቀብል ዳኛ ሚዛኑን በእጁ ይጫናል፤ ዛሬ ለድኻ ያቀበለ ነገ ለወዳጁ ማቀበሉ አይቀርም። ደግሞም ዕዳው በእርግጥ ያለበት ሰው በይርጋ መጠለልን ኅሊናው ላይፈቅድለት ይችላልና ምርጫው የራሱ ነው ይላሉ። ነገር ግን ምርጫ የሚኖረው አማራጩን ላወቀ ሰው ነው። ያላወቀው ሰው መብቱን አልተወም፤ መብቱ ሳያየው አለፈው እንጂ።

እንግዲህ የዳኛው ዝምታ ትክክል የሚሆነው ሌላው ኅብረተሰብ ዝም ካላለ ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በወንጀል ለተከሰሰና አቅም ለሌለው ሰው፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደንግጓል፤ ለፍትሐ ብሔር ተከሳሽ ግን ይኽን የመሰለ ዋስትና በዚያ አልተጻፈም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ያዛል። መልካም ነው፤ ይኽ አገልግሎት መኖሩን የማያውቅ ግን አይጠይቀውም።

ስለዚህ ከመጥሪያው ጋር ለማንኛውም ተከሳሽ፣ ለባለጸጋውም ለድኻውም፣ አንድ ቀላል ወረቀት ቢታደል ምን ይጎዳል? «ዕዳው የሚከፈለው መቼ ነበር? ስንት ዓመት አለፈው? ይርጋን በመቃወሚያነት ታነሣለህን?» ብሎ የሚጠይቅ። ለሁሉ እኩል የተሰጠ ዕውቀት አድልዎ አይባልም። መምህሩ ፊደል ላስቆጠረው ጎልማሳ መጥሪያ ማንበብን ቢጨምርለት፣ ተውኔት ደራሲው የችሎቱን ሥርዓት በመድረክ ቢያሳይ፣ የሠፈሩ አስተባባሪም በስብሰባው መካከል ግማሽ ሰዓት ለዚህ ቢለይ፣ ያች አንዲት ቃል ቁስቋም ድረስ ትደርሳለች። ያን ጊዜ ሸማኔው በይርጋ ለመጠቀምም ሆነ ላለመጠቀም ራሱ ይመርጣል፤ ዳኛውም ኅሊናው ሳይቆረቁረው ዝም ይላል።