ልብስ መላክ አይበቃም

የመልእክቱ ክፍል፦ አስቴር 3፥8-15፤ 4፥1-16

ቅዱሳን፣ መጽሐፈ አስቴርን ክፈቱልኝ። በስልክ የምታነቡም ክፈቱ፤ ቴሌግራሙ ግን ይቆያችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዛሬ የምናገረው ስለ ሰው መብት ስለሆነ "ፓስተር ፖለቲካ ጀመረ" የምትሉ ትኖራላችሁ። ማንንም ምረጡ፣ ማንንም ጣሉ አልላችሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የጎረቤቱ መብት ሲወሰድ የእግዚአብሔር ሕዝብ ዝም ማለት ይችላል ወይ? ይህን የሚጠይቀን መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ምዕራፍ 3 ቁጥር 8ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሐማ በንጉሡ ፊት ቆሞ ይከሳል። በአገርህ ውስጥ ተበትኖ የሚኖር፣ ሕጉ ከሌላው የተለየ አንድ ሕዝብ አለ ይላል። አስተውሉ፣ ስሙን አይጠራም! አይሁድ አይልም። ንጉሥ አርጤክስስም እነማን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። ቀለበቱን አወለቀና ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሥርዓት ሄደ። ጸሐፊዎች ተጠሩ፣ ደብዳቤው ለየአውራጃው በየቋንቋው ተጻፈ፣ ታተመ፣ በመልእክተኛ ተላከ። ምዕራፉ ሲያልቅ ንጉሡና ሐማ ለመጠጥ ተቀምጠዋል፤ የሱሳ ከተማ ግን ግራ ተጋብታለች።

ወገኖቼ፣ ሞት የታወጀው በማኅተም ነበር። ሕገ ወጥ ነው የሚል ሰው በፋርስ አልነበረም። መብት ብዙ ጊዜ የሚሸረሸረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ስም ያጣሉ። "እነዚያ" ይባላሉ። ከዚያ ወረቀት ይወጣል። ከዚያ የቀረው ሰው "ሕጉ ነው እኮ፣ እኔ ምን አገባኝ" ይላል።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ሲያትል ልውሰዳችሁ። ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት፣ በአማርኛ የሚመለክባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በትእዛዙ ውስጥ "ጃፓናዊ" የሚል ቃል የለም። የጦር አዛዦች ከሚከልሉት አካባቢ ማንኛውንም ሰው ማስወጣት ይችላሉ ነው የሚለው። ልክ እንደ ሐማ፣ ስም አልተጠራም። ማን እንደሚወጣ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ነገሩ በደረጃ መጣ። መጀመሪያ ሰዓት እላፊ ሆነ፤ ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የጃፓን ዘር ያለው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ። ማርች 30 ከሲያትል ማዶ ካለችው ከቤይንብሪጅ ደሴት 227 ሰዎች በወታደር ታጅበው ተወሰዱ። ከዚያ በየመንገዱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማስታወቂያው የሚጠራው የጃፓን ዘር ያላቸውን ሁሉ ነበር፤ "የውጭ ዜጋ የሆኑትንም የውጭ ዜጋ ያልሆኑትንም።" የውጭ ዜጋ ያልሆነ ማን ነው? ዜጋ ነዋ! "ዜጋ" የሚለውን ቃል ላለመጻፍ ነው ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም። በድምሩ 120,000 የሚያህል ሰው ወደ ካምፕ ገባ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለም፣ ችሎት የለም።

እነዚህ ሰዎች ጎረቤት ነበራቸው። ጎረቤቶቻቸው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ጥቂቶች ተናገሩ፤ አብዛኛው ሰው ግን በመስኮት አይቶ መጋረጃውን ዘጋ። አገሪቱ በይፋ ይቅርታ ጠይቃ፣ በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል በሕግ የወሰነችው በ1988 ነው። በ46 ዓመት ውስጥ ስንቱ አርጅቶ ሞተ! ዝምታ በአንድ ቀን የሚያፈርሰውን፣ ይቅርታ በአንድ ትውልድም አይጠግነውም።

አሁን ወደ ምዕራፍ 4 እንመለስ። መርዶክዮስ ማቅ ለብሶ በከተማው መካከል ይጮኻል። አስቴር ሰማች፣ አዘነችም። ምን አደረገች? ቁጥር 4፦ ማቁን እንዲያወልቅ ልብስ ላከችለት። እርሱ ግን አልተቀበለም። ቅዱሳን፣ ይህ ቁጥር እኛን ይነካናል። በስደት ያለ ሐበሻ ልብስ በመላክ ማን ይችለዋል? ወገን ተቸገረ ሲባል እናዋጣለን፣ በሃዋላ እንልካለን፣ ጎፈንድሚ እንከፍታለን። እግዚአብሔር ይባርካችሁ፤ አትተዉት። ግን መርዶክዮስ ልብስ አልጠየቀም። የአዋጁን ግልባጭ ላከላትና ግቢ፣ ተናገሪ አላት።

አስቴርም ፈራች። ሳይጠሩ መግባት ሞት ነው፤ ከተጠራችም 30 ቀን ሆኗታል። እኛም የራሳችን 30 ቀን አለን። "ወረቀቴ አላለቀም።" "ግሪን ካርዴ ይበላሻል።" "በሰው አገር ጎመን በጤና።" አባቶቻችን ዝም አይነቅዝም ብለዋል፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስም ብለዋል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አልንቀውም። መርዶክዮስ ግን አንድ ነገር ገለጠላት፦ ቤተ መንግሥት ውስጥ መሆንሽ አያስመልጥሽም። በሌላው ላይ ያለ ፍርድ የሠራ ወረቀት ነገ የአንቺንም ደጅ ያውቀዋል። በእኛ ቋንቋ ነግ በእኔ ማለት ነው።

"ታዲያ ጌታ ራሱ በጲላጦስ ፊት ዝም አላለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በጌቴሴማኒ ግን ወታደሮቹ ሲመጡ ምን አለ? ዮሐንስ 18፥8ን እዩ፦ የምትፈልጉት እኔን ከሆነ እነዚህን ተዉአቸው፣ ይሂዱ አለ። ስለ ራሱ ዝም አለ፤ ስለ ሌሎቹ ተናገረ። እኛ ገልብጠነዋል። የራሳችን መብት ሲነካ ጠበቃ እንቀጥራለን፤ የሌላው ሲነካ "እንጸልይ" ብለን እናልፋለን።

የዝምታ ጊዜም አለው። አስቴርን መጀመሪያ ወገንሽን አትናገሪ ያላት ያው መርዶክዮስ ነው። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በኩዌት የምትሰሙኝ እህቶቼ፣ ኢቃማችሁ በአሠሪ እጅ ነው። አደባባይ ውጡ አልላችሁም። ጥበብ ዝም የሚያሰኝበት ቦታ አለ። እናንተ መናገር ስለማትችሉ ነው በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ያለነው ዕዳችን እጥፍ የሚሆነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልናገር። አገር ቤት ሰው ታሰረ ሲባል የመጀመሪያ ጥያቄያችን ምንድን ነው? "የማን ወገን ነው?" አይደለም ወይ? የእኛ ከሆነ ፌስቡኩን እናጥለቀልቃለን፤ የሌላ ከሆነ "ሳያጠፋ አልታሰረም" እንላለን። ይህ ከአንድ ጽዋ በምንጠጣ ሰዎች መካከል ነው። ቅዱሳን፣ የወንድማችን ስም አባቱን ተጠይቆ የሚታዘንለት ከሆነ ሐማ በመካከላችን ተቀምጧል።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ተሰጥቷቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኛ ዛሬ እጃችንን ዘርግተን የምንዘምረው እንዲህ ያሉ ሰዎች አፋቸውን ስላልያዙ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ አንብቡ። መርዶክዮስ ለአስቴር የላከው ወሬ ሳይሆን የአዋጁን ግልባጭ ነው። ስለምትኖሩበት አገር ሕግ ከቲክቶክ አትማሩ። መብታችሁን እወቁ። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 22 ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ሰው ያለ ፍርድ መገረፍ ተፈቅዷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሕግን መጥቀስ አለማመን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስም ጥሩ። ሐማ ስም ደበቀ፤ አስቴር በምዕራፍ 7 እኔና ሕዝቤ አለች። በጸሎት ስብሰባችን የታሰረውን፣ ወረቀት አጥቶ የሚሸሸገውን፣ ከእኛ ወገን ያልሆነውንም ጭምር እናስብ። ምሥጢሩ መጠበቅ ያለበትን ጠብቁ፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን "እነዚያ" አትበሉ።

ሦስተኛ፣ አብራችሁ ቁሙ። በሲያትል የጃፓናውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ኤምሪ አንድሩስ ነጭ አሜሪካዊ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። ምእመናኖቻቸው ወደ አይዳሆው የሚኒዶካ ካምፕ ሲወሰዱ ግን ቤተሰባቸውን ይዘው በካምፑ አቅራቢያ ወዳለች ከተማ ሄደው ኖሩ። ጎርደን ሂራባያሺ ደግሞ የ24 ዓመት ተማሪ ነበር። ትእዛዙን አልቀበልም ብሎ በራሱ እግር ወደ ኤፍ ቢ አይ ሄደ። በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደበት። ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ በይግባኝ ሙሉ በሙሉ የተሻረለት በ1987 ነው። ታማኝነት ወዲያው አያሸንፍም፤ ግን ምስክር ሆኖ ይቆያል።

የስብሰባ ጠረጴዛ፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ፣ የሥራ ቦታ የምሳ ክፍል፤ የእናንተ ሱሳ እዚያ ነው። ጎረቤታችሁ "እነዚያ" ተብሎ ሲጠራ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "እኔ አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚያ አይደሉም።"

አስቴር ብቻዋን አልገባችም። ሦስት ቀን ጹሙልኝ አለች፤ ከጾሙ በኋላ ግን ተነሥታ ገባች። ጾሙ የመናገሪያ ጉልበት እንጂ የመናገር ምትክ አልነበረም።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስለ እኛ ዝም ብሎ የተገረፈልንን ልጅህን እናመሰግንሃለን። ስለ ራሳችን መታገሥን፣ ስለ ወንድማችን መናገርን ስጠን። ያለ ፍርድ የታሰሩትን አስብ። የምንፈራውን አበርታን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።