ሕክምና ምግባርን ይጠይቃልን?

በሽታ የኃጢአት ደመወዝ ነው የሚለው አሳብ ከሰው ልብ ገና ፈጽሞ አልጠፋም። በአደባባይ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አንዲት ሴተኛ አዳሪ ታመመች ሲባል ‹‹የሥራዋን አገኘች›› ብሎ በልቡ የማይፈርድም እንዲሁ ጥቂት ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የልብ ፍርድ ነው።

ክርክሩ በባዶ እንዳይሆን አንድ በሽታ ለይተን እንያዝ። አባቶቻችን የወፍ በሽታ ይሉታል፤ የሌሊት ወፍ ሽንት የነካው ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል ይባል ነበርና። የዛሬው ሕክምና ግን ወፊቱን ከክሱ ነጻ አውጥቷታል። ጉበትን ከሚያሳምሙት ቫይረሶች መካከል ሁለቱ፥ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ፥ በሰው ገላ ውስጥ ብዙ ዓመት ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጡና በመጨረሻ ጉበትን ያጠነክራሉ፥ ወይም ካንሰር ያስከትላሉ። ‹ቢ› በደም፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል፤ ከኤች አይ ቪ ይልቅ ለመተላለፍ የቀለለ ነው። ‹ሲ› አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በደም ነው። አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ አይተላለፉም፤ ይህን መጻፋችን ዛሬም ብርጭቆ የሚለዩ ሰዎች ስላሉ ነው።

ነገሩን ለመመዘን በዚሁ በ‹ሲ› ምክንያት በግብፅ የሆነውን እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መንግሥት ቢልሃርዝያን ለማጥፋት ገበሬውን በመርፌ ያሳክም ነበር። መርፌው በሚገባ ሳይቀቀል ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ስለ ዞረ፥ ቫይረሱ በሕዝቡ መካከል ተዘራ። እነዚያ ገበሬዎች ምን በደሉ? ትእዛዝ አክብረው ክንዳቸውን ከመዘርጋት በቀር ምንም። ከ2018 ጀምሮ መንግሥቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በነጻ ሲያስመረምርና ሲያሳክም፥ ‹‹ይገባቸዋልን?›› ብሎ መጠየቅ ለጠያቂው ነውር በሆነበት ነበር። እንግዲህ በገበሬው ደም ያለውና በቡና ቤቷ ሴት ደም ያለው ቫይረስ አንድ ከሆነ፥ ልዩነቱን የምንፈጥረው እኛ ነን።

‹‹ገበሬው ሳያውቅ ነው፤ እርስዋ ግን ዐውቃ ገባች›› የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። የሚናቅ መልስ አይደለም፤ ሰው በምርጫው ይጠየቃልና። ሆኖም ምርጫ የተባለው ነገር ራሱ መመዘን አለበት። ከጋላፊ ተነሥቶ በሚሌ፥ በአዋሽና በመተሐራ አልፎ አዳማ በሚደርሰው የከባድ መኪና መንገድ ዳር የምትሠራ ልጅ ኮንዶም ይደረግ ስትል፥ ሰውየው ‹‹ካልተደረገ ዋጋውን እጨምርልሻለሁ›› ይላታል። የአልጋው ኪራይ ደግሞ የዕለት ነው። ሌሊት ከእርስዋ ዘንድ ያደረው ጠዋት ክራቫቱን አስሮ ቢሮ ይገባል፥ ማታም ወደ ሚስቱ ይመለሳል። ለሴቲቱ ብዙ የስድብ ስም ያበጀው ቋንቋችን እርሱን ‹‹ደንበኛ›› ብሎ በአክብሮት ይጠራዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንኳ የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚያተርፈውን ነው፤ እኛ ግን ከሕጉ ቀድመን በእርስዋ ላይ እንፈርዳለን።

መርጣ ነው ብንል እንኳ ልጅዋ አልመረጠም። በ‹ቢ› የተያዘ ዐዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን አሸንፎ ይድናል፤ ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በሽታውን ይዞ ይኖራል።

ደግሞም መከላከያው አለ። ባሩክ ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1965 ይፋ ያደረገው ግኝት መሠረት ሆኖ የ‹ቢ› ክትባት ተሠራ፤ በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። በአገራችንም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕፃናት ክትባት ጋር ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የተወለደች ሴት ግን በዚያ መንገድ አላገኘችውም። ለዐዋቂ ሰው ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፥ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ለ‹ሲ› ክትባት የለም፤ ነገር ግን ለሦስት ወር ያህል በሚዋጥ ክኒን የሚታከመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ስድስት ወር ለእኛ ለደመወዝተኞች አጭር ጊዜ ነው። እርስዋ ግን እስከዚያ ሦስት ከተማ ትለውጥ ይሆናል። ይህም ሳያንስ፥ በመጀመሪያው ቀን ካርድ የሚያወጣው ጸሓፊ በተሰለፈው ሰው ፊት ‹‹ሥራሽ ምንድን ነው?›› ብሎ ድምፁን ከፍ ካደረገ፥ ሁለተኛው ክትባት ባለቤቱን ሳያገኝ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። ግብሩን መንቀፍ ለማንም አይከለከልም፤ እኛም አናመሰግነውም። ነገር ግን ነቀፋን በጤና ጣቢያ መስኮት እንዲያድል ለየትኛው ሠራተኛ ሥልጣን ተሰጠ? ከአንባብያን ብዙዎቻችን እንዲህ ባለ መስኮት ወይም ጠረጴዛ በስተኋላ የምንውል ስለ ሆንን፥ ጥያቄው ለሌላ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። አዋሽ ላይ የተጀመረው ካርድ አዳማ ላይ ተቀባይነት እንዲኖረው፥ መስኮቱም ላይ የሚነበበው የካርዱ ቁጥር ብቻ እንዲሆን ለማድረግ አዲስ በጀት መጠበቅ አያሻም፤ አንድ የጽሕፈት ቤት ኀላፊ በአንድ ደብዳቤ ሊያዝዘው ይችላል።