ከእጀታው የወለቀ ብረት፦ ስለ ተጎታች ቤትና ስለ ኃላፊነት

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ከመኪና ኋላ ተያይዞ የሚሄደው ተጎታች ቤት፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው ነገር ግን የራሱ ሞተር የሌለው የመዝናኛ ተሽከርካሪ፣ በሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ እጅግ የቆየ ጥያቄን ያስነሣል፤ ይኸውም ሰው ሳያስበው፣ ከራሱ ጋር ባቆራኘው ነገር ምክንያት የደረሰ ጉዳት ምን ያህል የእርሱ ጥፋት ሊባል ይችላል የሚለው ነው።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 ለዚህ በጣም የቀረበ ጉዳይ ይዟል። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዱር ሄደው፣ አንዱ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ቀድሞ ጥላቻ ስላልነበረው ሞት አይገባውም፤ ሆኖም ወደ ቤቱ እንደ ወትሮው አይመለስም፣ ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል እንጂ፤ ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 35 እንደሚደነግገውም ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አይወጣም። ስለዚህ ሕጉ በነፍሰ ገዳይና በንጹሕ ሰው መካከል ሦስተኛ ሰው መኖሩን ያውቃል፤ እርሱም ያልፈለገውን ያደረገ፣ ነገር ግን ያደረገው ራሱ የሆነ ሰው ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የቃል ሕግ የተሰበሰበበት ሚሽና ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀጥላል፤ በሬ መውጋት ካልለመደ ባለቤቱ የጉዳቱን ግማሽ ሲከፍል፣ ሰው ግን ነቅቶም ሆነ ተኝቶ ሁልጊዜ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንደ ተሰጠው ተቆጥሮ ሙሉውን ይከፍላል።

ይህ ፍርድ ጨካኝ ቢመስልም፣ የተጎታቹን አሠራር ለተመለከተ ሰው ትክክለኛነቱ ግልጽ ይሆናል። በጎታቹ መኪና ማገናኛ ላይ የሚያርፈው ክብደት በተለምዶ ከተጫነው ተጎታች ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ዕቃው ወደ ኋላ በዝቶ ይህ ከቀነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ መወዛወዙም ጎታቹን መኪና እስከ መገልበጥ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ የጥንቃቄ ሰንሰለቶች ከማገናኛው በታች ተሻግረው የሚታሰሩት፣ ማገናኛው ቢወልቅ የተጎታቹ አፍንጫ አስፋልት ላይ ከመውደቅ ይልቅ በሰንሰለቱ ላይ እንዲያርፍ ነው። እነዚህ ሁሉ ከጉዞ በፊት ጎንበስ ብሎ በማየት የሚታወቁ ናቸው፤ አርስቶትል በኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባር ሦስተኛ መጽሐፍ እንደሚያስተምረው፣ ማወቅ የሚገባውንና ማወቁ የማይከብደውን ነገር ያላወቀ ሰው በአለማወቁ ራሱ ይጠየቃል።

የምድር ሕጎች በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ግዛቶች የመኪና አደጋ ካሣ በአብዛኛው በቸልተኝነት፣ ማለትም አስተዋይ ሰው ያደርገው የነበረውን ጥንቃቄ በማጓደል ላይ የተመሠረተ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ያደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ያስገድዳል። ተጎጂው የማንንም ልብ መርምሮ ማስረዳት ሳይጠበቅበት እንዲካስ ማድረጉ ወደ ርኅራኄ የቀረበ ሕግ ያሰኘዋል።

ካሣ ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ያለ ጥፋቱ ሕፃን የገጨ የጭነት መኪና አሽከርካሪ የሚሰማው ጸጸት ከተመልካች ኀዘን የተለየ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም ብረቱ የወለቀበትን ሰው ስደት ከውስጥ የሚያስረዳ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚከብደው ግን የተቃራኒው ሰው ጉዳይ ነው፤ ሰንሰለቱን ሳያስር ተጉዞ በሰላም የደረሰው አሽከርካሪ ማንንም አልጎዳምና ከሳሽ የለውም፣ ንስሐም አይታሰበውም፤ ነገር ግን ልብን በሚመረምር አምላክ ፊት፣ በዚያው ቸልተኝነት ሰው ከገደለው ጋር የሚለየው ዕድሉ ብቻ ነው። ለጣሪያ መከታ እንዲሠራ የሚያዝዘው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ማንም እስኪወድቅ አይጠብቅም፤ የካሊፎርኒያ ሕግም እንዲሁ ተጎታች የሚጎትት መኪና በሰዓት ከ55 ማይል እንዳያልፍ፣ ተጎታቹም ከዋናው ማገናኛ ሌላ የጥንቃቄ ማሰሪያ እንዲኖረው ሲያዝዝ፣ ትእዛዙን የተላለፈ ሰው አደጋ ባይደርስም ይቀጣል።