ለሐጅ የምትነሳ እህት በሻንጣዋ ምን ትያዝ?



የሐጅ ወቅት ሲቃረብ በየቤቱ የሻንጣ ወሬ ይበዛል። ከካፋ ዞን፣ ከደካም ሆነ ከቦንጋ፣ ለሐጅ የምትነሳ አንዲት እናት ለዓመታት ከቡናውና ከማሩ ሽያጭ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ነው የምትወጣው። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ነጩን ልብስ ገዛሽ ወይ?» ይላታል። «ጫማሽስ?» የሚላት ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 197ኛ አንቀጽ ሐጀኞች ስንቅ እንዲይዙ አዟል፤ ከስንቅ ሁሉ በላጩ ተቅዋ መሆኑንም አስታውቋል። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደተናገሩት አንቀጹ የወረደው «እኛ በአላህ የምንመካ ነን» እያሉ ባዶ እጃቸውን ለሐጅ ወጥተው፣ መካ ሲደርሱ ሰው በሚለምኑ የየመን ሰዎች ምክንያት ነው። ስለዚህ ሳይዘጋጁ መውጣት ተወኩል አይደለም። ስንቅ ሲባልም ቆሎና በሶ ብቻ አይደለም፤ ገላን የሚሸፍነው ልብስና እግርን የሚጠብቀው ጫማም ስንቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ልብሱ። ወንድ በኢሕራም ሁለት ያልተሰፉ ጨርቆችን ይለብሳል። ለሴት ግን የተለየ የኢሕራም ልብስ አልተደነገገላትም። ነጭ መሆን አለበት የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ገላዋን የሚሸፍን፣ የማያሳይና የማያጣብቅ ልብስ ሁሉ ይበቃታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢሕራም ያደረገች ሴት ኒቃብና የእጅ ጓንት እንዳትለብስ ከልክለዋል፤ ሽቶም ለወንድም ለሴትም ክልክል ነው። ታዲያ ለአንድ ሐጅ ብሎ ውድ ነጭ ቀሚስ በብድር መግዛት ለምን አስፈለገ? ቤት ያለው ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ይበቃ የለም ወይ?

ቀጥሎ ስለ እግር። ጠዋፍ ሰባት ዙር ነው። በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ መመላለሱ ብቻውን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዐረፋ ከመካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሚናም ከድንኳን እስከ ጀመራት በእግር ይኬዳል። ይህን ሁሉ ለዘመድ ሽኝት በተገዛ አዲስ ቆዳ ጫማ የምትሞክር እህት በመጀመሪያው ቀን እግሯ ውኃ ይቋጥራል። የወንድ ጫማ በኢሕራም ቁርጭምጭሚትን የማይሸፍን መሆን ሲኖርበት ለሴት ግን ሽፍን ጫማም ካልሲም ተፈቅዶላታል። ይህን የአላህ ችሮታ ባለማወቅ በነጠላ ጫማ የምትሰቃይ ስንት አለች!

«መከራው ምንዳ ያበዛልኛል» የምትል ካለች የዑቅባ ኢብን ዓሚርን እህት ታስታውስ። ይህች ሴት እስከ አላህ ቤት በባዶ እግሯ ልትሄድ ተሳለች። ዑቅባ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቅላት በእግሯም እንድትሄድ፣ በመጓጓዣም እንድትጠቀም አዘዙ። አላህ የሚፈልገው ዒባዳችንን እንጂ የቆሰለ እግራችንን አይደለም።

የአየሩም ነገር ቀላል አይደለም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዝናብና ደን የማይለያት አገር ናት። መካ ደግሞ 300 ሜትር እንኳ አትሞላም። በ1445 ዓመተ ሂጅራ ሐጅ፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በዚያ ሐጅ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሳዑዲ መንግሥት እንደገለጸው አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡና ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ለካፋ ብርድ የሚስማማ ወፍራም ልብስ ለዚያ ሙቀት አይሆንም።

እንግዲህ ሻንጣው እንዲህ ቢሆን ይበጃል፦ ሦስት ወይም አራት ስስ ግን የማያሳይ የጥጥ ቀሚስ፤ ጭን ለጭን እንዳይፋተግ ከውስጥ የሚለበስ ረጅም የጥጥ ሱሪ፤ ላብ የሚመጡ ሻሾችና ካልሲዎች በርከት አድርጎ፤ ለአውቶቡስና ለሆቴል ማቀዝቀዣ፣ ለሙዝደሊፋም ሌሊት አንድ ነጠላ። ጫማው ሁለት ጥንድ ይሁን፤ አንዱ ቢያንስ አንድ ወር በእግር ተለምዶ የለሰለሰ፣ ሶሉ ወፈር ያለ ሽፍን ጫማ፣ ሌላው ቀላል ሰንደል። ሐረም ሲገባ ጫማው የሚያዝበት ትንሽ የጨርቅ ከረጢትም አይረሳ፤ በር ላይ የተተወ ጫማ ሲጠፋ ባለቤቱ በሚያቃጥል አስፋልት ላይ በባዶ እግሩ ይቀራል። የስኳር ሕመም ያለባት እናት በተለይ ትጠንቀቅ፤ እግሯ ስለሚደነዝዝ ቃጠሎውን ሳታውቀው ልትቆስል ትችላለች። ሳሙናውና ቫዝሊኑ ሽታ የሌለው ይሁን።

አንድ ነገር በሐፍረት ሊታለፍ አይገባም። የወር አበባ ሊመጣ ስለሚችል ሞዴስና ቅያሪ የውስጥ ልብስ ይያዝ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሐጅ መንገድ ላይ ይህ በደረሰባቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጠዋፍ በቀር ሐጀኛ የሚሠራውን ሁሉ እንዲሠሩ ነግረዋቸዋል። አስማእ ቢንት ዑመይስም (ረ.ዐ.) ዙል ሑለይፋ ላይ ሲወልዱ በጨርቅ ታጥቀው ኢሕራም እንዲገቡ ታዘዋል። ነቢዩ ያላፈሩበትን እኛ ለምን እናፍርበታለን?

ወንድሞች! ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። እናቱን ለሐጅ የሚሸኝ ልጅ ለድግስና ለፎቶግራፍ ከሚያወጣው ላይ ቀንሶ ጥሩ ጫማ ይግዛላት፤ ከጉዞው በፊትም አብሯት በእግር እየሄደ ያለማምዳት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሴቶች ጂሃድ ሐጅ ነው ብለዋል። ወደ ጂሃድ የሚወጣን ሰው ያለ ትጥቅ የሚሸኝ ማን አለ?

ሻንጣው በልክ ከተሞላ በኋላ ግን የቀረው የልብ ስንቅ ነው፤ እሱም ተቅዋ ነው። ለሰው ዓይን የተገዛ ልብስ ለባለቤቱ ሸክም ይሆናል፤ ለዒባዳ ተብሎ የተገዛ ጫማ ግን፣ ኢንሻአላህ፣ በሚዛን ላይ ይገኛል። አላህ ሐጃችንን መብሩር ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።