የተከለለና ረድእ

ባለፈው ክረምት አንዲት የቡሬ ወጣት ጸሐፌ ተውኔት በውጭ አገር ለሚሰጥ የድርሰት ሥልጠና ለማመልከት አስባ፣ የምስክርነት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንድጽፍላት ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣች። ጻፍኩላት። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ «የእኔ ፕሮቴዤ ናት» የሚል ነበር። ቃሉ ያማረ መስሎኛል፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከል ከነፈረንሳይኛ ጭረቱ ብቅ ሲል ለጸሐፊው የተማረ ሰው ሞገስ የሚጨምር ዓይነት ነው። እሷ ግን ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንብባ፣ የቃሉን ፍች ከመዝገበ ቃላት ፈልጋ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ጋሼ፣ ይህችን ቃል ቢያነሱልኝስ?» አለችኝ።

ቅር አለኝ። ውለታ የካደች መሰለኝ። አባቷ «ተውኔት ለሴት ልጅ ምን ሥራ ነው?» ባሉ ጊዜ ቡሬ ሄጄ ያግባባኋቸው እኔ፤ የመለማመጃ ቤቱን ቁልፍ ያስሰጠኋት እኔ። ማታ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ይኸው ቅሬታዬ ራሱ የቃሉ ትርጉም ሆኖ አገኘሁት።

የቃሉ ሥር በላቲን «ከፊት መሸፈን» ማለት ነው፤ የጣራ ሸክላ መጠሪያም ከዚያው ግስ ወጥቷል። ፈረንሳዮች «የተጠበቀ፣ የተከለለ» የሚል ስም አበጁበት፤ እንግሊዞችም በ18ኛው መቶ ዓመት ማገባደጃ ተዋሱት። ለሴት ሲሆን መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል መጨመር የፈረንሳይኛው ሕግ ነው፤ እኔ እሱንም ዘንግቼው ነበር። ከሁሉ በላይ ቅርጹ የተደራጊ ነው። ስሙን የሚሸከመው ሰው አንዳች ነገር አያደርግም፤ ይደረግለታል።

ቃሉ ወደ አገራችን ጉዳይ የገባውም በኪነጥበብ በር አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል፣ የፈረንሳይ ዜጎችና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር የገቡ ሌሎች ሰዎች ጉዳያቸው በቆንስሉ ወይም ቆንስሉ ባለበት እንዲዳኝ ይደነግግ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ፕሮቴዤ ማለት በሌጋሲዮን ጥላ የተጠለለ፣ በሚኖርበት አገር ዳኛ ፊት ብቻውን የማይቆም ሰው ነው። ጥላው ጥቅም ነበረው፤ ባለጥላው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነበር።

የጎጃም ቅኔ ቤቶች ለዚሁ ዓይነት ሰው ሌላ ስም አላቸው። ግእዙ «ረድእ» ይለዋል፤ ረድአ ማለት ረዳ ማለት ነውና፣ ከመምህሩ ሥር ያለው ወጣት የሚረዳው እንጂ የሚረዳለት አይደለም። «ደቀ መዝሙር»ም የመዝሙር ልጅ ማለት ነው፤ ልጅነቱ ለመዝሙሩ እንጂ ለመምህሩ አልተሰጠም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን የሚለምነው የቆሎ ተማሪ በማንም አልተከለለም። የኔታ አያበሉትም። ከእሱ የሚጠብቁት ትናንት ያልተባለ ቅኔ ነው፤ የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ነውር ነው። ገፋ ያለውም ተማሪ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ለታናሹ እያስቀጸለ የመምህሩን ሸክም ያቀላል።

ነገር ግን በራሳችን ቋንቋ መኩራራት አይገባኝም። «የጡት ልጅ»፣ «ደጅ ጠኚ»፣ «የእገሌ ሰው» የሚሉትም የእኛው ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚሁ የእኛ አካባቢ የማንኩሳ ልጅ የሆነው በዛብህ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል። በእውቀቱ መምህር፣ በእንጀራው ጥገኛ ነው። ሁለቱ ማዕረጎች በአንድ ሰው ላይ ተቀምጠው ለጊዜው ይስማማሉ፤ ፍቅር ሲመጣ ግን ቤቱ የሚያውቀው ጥገኛውን ብቻ ስለነበር መሸሽ ግድ ይሆንበታል።

ዛሬ አንዳንዶች በፈረንሳይኛው ቃል ፈንታ «ሜንቲ» ይላሉ። ሜንቶር በሆሜር ድርሰት ኦዲሴዎስ ቤቱን አደራ የሰጠው ሰው የተጸውዖ ስም ነው። የሰው ስም ጭራ ቆርጦ ሌላ ጭራ መቀጠል ለጆሮዬ አይጥመውም። ቢሆንም ቢያንስ ጣራ የለበትም።

ከለላ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። አባቷን ባላነጋግር ኖሮ ልጅቱ ዛሬ ምናልባት ባልጻፈች ነበር፤ ይህን መካድ ሐሰተኛ ትሕትና ይሆናል። የሚከብደኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እኔ ያደረግሁት ነገር ለምን የእሷ ስም ይሆናል? እሷ ያደረገችውስ የት ገባ? የመጨረሻው ተውኔቴ ሁለተኛ ገቢር በቡሬ ገበያ የሚታይ ነው። በዚያ ውስጥ ጤፍ ሻጯን እንደ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አናግሬያት ኖሯል። ልጅቱ ሦስት የገበያ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ ንግግሩን ከሥሩ አርማ መለሰችልኝ። ተመልካቹ የሳቀው በእሷ መስመሮች ነው፤ ያመሰገነው እኔን። እንግዲህ በዚያ ቀን የተከለለው ማን ነበር?

በማግሥቱ ደብዳቤውን እንደገና ልጽፍ ተቀመጥሁ። በእንግሊዝኛ ለ«ረድእ» የሚሆን ቃል ፈለግሁ፤ «ረዳት» የቢሮ ሥራ አስመሰለው፤ «ተማሪዬ» እንዳልል በክፍል አላስተማርኳትም። በመጨረሻ ስሙን ትቼ ግሱን ጻፍሁ፦ «የተውኔቴን ሁለተኛ ገቢር አርማልኛለች፤ እኔም ሁለት ድርሰቶቿን አንብቤ አስተያየት ሰጥቻታለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው።

«ሦስት ናቸው ጋሼ» አለች። «አንዱን ገና አልመለሱልኝም።»